ምስር ያልኩት ቡና

የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ገጽ ለአንድ ተማሪ ሰጠ፤ ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህራችን የነገሩኝ በእረፍት ሰዓት፣ ቧንቧው አጠገብ እጄን ስታጠብ ነው። «ስለ ቡና የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። አንድ አንቀጽ አይበቃውም፤ አስፍተሽ አምጪው» አሉኝ። ሳሙናው ከእጄ አመለጠ። ከትምህርት ቤት እስከ ቁስቋም ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ በቃ፣ ሮጥኩ።

የጻፍኩት ከጂኦግራፊ ደብተሬ የቀዳሁትን ነበር። ቡና ከእኛ ጫካ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ የመን መግባቱን፣ ከዚያ ጃቫ፣ ከዚያ ብራዚል መድረሱን፣ ዛሬ ከሁሉ አብልጣ የምታመርተው ብራዚል መሆኗን። ቤት ስደርስ ግን እኛ ዘንድ አንድ ፍሬ ቡና አልነበረም። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ቡና ካመጣ ሁለት ወር ሆኖታል። እናቴ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በቡና ፋንታ ገብስ ትቆላለች። በሩን የመለሰችው ጎረቤት እንዳያይ ነው። በዚያ ሁለት ወር አንድም ሰው ለቡና ጠርታ አታውቅም። የጠሯትም ጎረቤቶች የሉም። «ገብስ አጠጣችን ይበሉኝ?» ትላለች።

እማማ ዘነቡ የእናቴ እናት ናቸው። በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው «ማነው ገብሱን እስኪጨስ የሚቆላው?» አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አፍንጫቸው ግን አልደከመም። ደስታዬን ልነግራቸው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ። ሙሉ ገጽ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ «እንግዲያው ተቀመጪ። ብራዚልን ተያት፤ ብራዚል የራሷ ጸሐፊ አላት» አሉኝ። ደብተሬን አወጣሁ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ቃል ነው። እኔ አራት ነጥቡን ብቻ ነው የጨመርኩት፤ እ... ማለቴ፣ ሲደክማቸው ያቋረጡትንም እዚህም እዚያም ቀጥያለሁ።

ጣልያን በገባ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ያኔ ዓመት የሚቆጥር ሰው አልነበረም። የማስታውሰው የለበስኩትን ነው። ከእናቴ የቀረ የአቡጀዲ ቀሚስ ነበረኝ፤ ታጥቦ ታጥቦ ከጨርቁ ይልቅ እራፊው የሚደምቅ። እናቴ ሞታለች። ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉ። አባቴ የቁስቋም ማርያም ቄስ ነበሩ፤ ቤታችንም አሁን ቦኖው ባለበት ጥግ ላይ ነበር። ያኔ በቦኖው ቦታ ትልቅ ጽድ ነበረች፤ ሴቶች ከወንዝ ውሃ ይዘው ሲመለሱ እንስራቸውን አስደግፈውባት ያርፋሉ። አሁን እዚያው ቆመው ለወረፋ ይጣላሉ። ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ መጣያ ሆነ። እና ያኔ ለካህናቱ ይሰጥ የነበረው ቀለብ ሲቋረጥ፣ አባቴ አንድ ሰሞን የመጻፊያ ብራናቸውን፣ አንድ ሰሞን ካባቸውን ሸጡ። የሚሸጥ ሲያልቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አንቺን አክል ነበር።

ታች ጉለሌ ወንዙ ዳር፣ ዛሬ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ባለበት፣ ጣልያኖቹ የቡና መጋዘን ነበራቸው። ቆርቆሮው አዲስ ስለነበር ፀሐይ ሲያርፍበት ከላይ ከቁስቋም ሲያዩት ኩሬ ይመስላል። ማኪናው ከጅማ፣ ከሲዳሞ፣ ከሐረር ጆንያ ያራግፋል፤ እኛ ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተደርድረን እንለቅማለን። ጥቁሩን ለብቻ፣ ስባሪውን ለብቻ፣ ጠጠሩን ለብቻ። ደህናው ተመልሶ ጆንያ ይገባና በባቡር ወደ ባሕር ይወርዳል። የሚከፍሉን በወረቀት ሊሬ ነው። ገበያ ይዘሽው ስትሄጂ ነጋዴው እንደ ቅጠል ያገላብጠዋል፤ ጠገራ ብር የለሽም ወይ ይልሻል፣ እንዳለሽ ሁሉ። ወገብ ይቆረጣል። ዓይን ውሃ ያዝላል። ይኸው ጣቴ እስከ ዛሬ አላረፈም፤ ሌላ ነገር ሳስብ ነጠላዬን ሲለቅም አገኘዋለሁ። ስንለቅም እንዘፍን ነበር፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን።

ደህናው መርከብ ጋልቦ ባሕር ሲሻገር፣
ስባሪው ቀረልን ለእኛና ላገር።

ዜማው አሁን ጠፍቶኛል። ግጥሙ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ስባሪ ነው።

ለቀማውን ያስተማሩኝ እትዬ ጫልቱ ናቸው። ከቡና አገር ተድረው ሸጎሌ የገቡ፣ በየጠዋቱ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የሚመጡ ሴት ነበሩ። ፍሬውን መዳፋቸው ላይ አንከባለው አገሩን ይነግሩሻል፤ ይሄ ሐረር ነው፣ ረዘም ይላል፣ ይሄ ጅማ ነው እያሉ። በእሳቸው አገር ቡናውን ከቅቤ ጋር ደቁሰው ለመንገድ ስንቅ ያደርጉታል፤ ይበሉታል ማለት ነው። የሐረር ሾፌሮች ደግሞ ፍሬውን ሸጠው ቤታቸው የሚያፈሉት ቅጠሉንና ገለባውን እንደሆነ ያወሩ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ቡና ቀምሼ አላውቅማ። እትዬ ጫልቱ ይህን ሲያውቁ ሰሌኑን በሙሉ አሳቁብኝ። «የቄሱ ልጅ፣ ማር ቆራጭ ሆና ጣቷን ያልላሰች አንቺን አየሁ» አሉኝ።

የማልቀምሰው ወድጄ አልነበረም። አባቴ የዜማ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲወጡ የኔታቸው በግዝት አስረዋቸው ነበር። ቡና ሰውን ሰብስቦ ያስቀምጣል፣ የተሰበሰበ ሰው ሐሜት ይጀምራል፣ ሐሜቱ ሳያልቅ የጸሎት ሰዓት ያልፋል፤ ስለዚህ ከቤትህ እንዳይገባ፣ በቡና ከመጣም እንዳትበላ አሏቸው። ሌላው ቄስ ሁሉ ይጠጣ ነበር። አባቴ ግን ጎረቤት ሲጠራቸው ደጅ ላይ ቆመው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው፣ ባርከው ያልፋሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፉ። እና እኔ የት ነው የምውለው ልበላቸው? ቡና መጋዘን ነው ካልኳቸው የማመጣውን እንደማይቀምሱ አውቃለሁ፤ እሳቸው ካልቀመሱ ወንድሞቼም አይቀምሱም። ምስር ለቀማ ነው አልኳቸው። ጥሬ ቡና ሽታው የሣር፣ የእርጥብ ጆንያ ነው፤ ቡና ገብቶበት የማያውቅ ቤት ይህን ለይቶ አያውቅም ብዬ ተማመንኩ። ማታ ወንዙ ዳር እታጠባለሁ፣ ቀሚሴን አራግፋለሁ፣ ከዚያ ዳገቱን እወጣለሁ። አባቴ ባርከው ይቆርሳሉ፤ እኔ አፋቸውን እያየሁ እጠብቃለሁ። ከለቀማው ይልቅ ያ መጠበቅ ነበር የሚያደክመኝ። እግራቸውን አሟቸው ቅዳሴ መግባት ትተዋል፤ ከውጭ ቅጽሩ ሥር ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። እህል ቢያገኙ እግራቸው ይበረታል እያልኩ እሠራለሁ።

የመጋዘኑ አለቃ አንድ ጣልያን ነበር፤ ካቦ እንለዋለን። ሽበታም፣ ካኪ ቁምጣ የሚለብስ፣ ጉልበቱ ያበጠ ሰውዬ። ደግ ነበር አልልሽም። በየጠዋቱ ከደህናው ቡና አንድ ቆርቆሮ ሞልቶ ለእትዬ ጫልቱ ይሰጣል፤ እሳቸው ግቢው ውስጥ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ከአገሩ ባመጣት ከላይና ከታች በምትገጠም የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ያፈሉለታል። በእኛ ሰፈር ቡና በጨው ነው የሚጠጣው፤ እሱ ስኳር ሞልቶ በሁለት ጉንጭ ይጨርሰዋል። አንድ ሰሞን ያቺ ቆርቆሮ ጎድላ ተገኘች። የጠረጠራትን ለቃሚ ሊፈትሽ በር ላይ ሻሿን አስፈታት፤ ማኪና መጥቶ ወሰዳት። ሰሌኗ ባዶውን ከረመ። ማንም ሄዶ ቦታዋ ላይ አይቀመጥም ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ጫልቱ ልጃቸው ወልዳ ቀሩ። ካቦው ቆርቆሮዋን ይዞ መጣና በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ቡና ቆልቼ አላውቅም፣ እትዬ ጫልቱ ሲቆሉም ከለቀማዬ ቀና ብዬ አላየሁም ማለት ነበረብኝ፤ በምን አፌ? እና ሴቶቹስ ምን ይሉኛል? ምጣዱን ጣድኩ። በእኛ ቤት መቁላት ማለት ለጠላ የሚሆን ገብስ መቁላት ነው። ገብሱ ካልጠቆረና ካልጨሰ አሻሮ አይሆንም። ቡናውንም እንደ አሻሮ ቆላሁት። ሲንጣጣ ገና ነው አልኩ፤ ዘይት አውጥቶ ሲያብለጨልጭ ገና ነው አልኩ። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሲሞላው ሴቶቹ ቀና አሉ። ምጣዱ ላይ የቀረው ከሰል ነበር።

ሌላ ቆርቆሮ መጠየቅ አይታሰብም። መቀነቴ ላይ ለምሳ የቋጠርኩት የገብስ ቆሎ ነበር። የከሰለውን አመዱ ውስጥ ቀበርኩት፤ ቆሎዬን ምጣዱ ላይ ዘረገፍኩና በማውቀው አቆላል አሻሮ አደረግኩት፤ ወቀጥኩት፤ በማንቆርቆሪያዋ አፈላሁት። ቀለሙ ቡና ይመስላል። ስኒውን ሰጠሁት። ሰሌኑ ላይ አንድም እጅ አይንቀሳቀስም።

አንድ ጊዜ ተጎነጨው። ስኒውን አወረደና ውስጡን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። በሰባራ አማርኛው ይህ ቡና እንዳልሆነ ነገረኝ። እኔ መሬቱን ነው የማየው፤ የማስበው ወንድሞቼን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በሩ ነው፣ ሻሼ ነው፣ ማኪናው ነው። ሰውዬው ግን መልሶ ጠጣው። እስከ አተላው ጠጣው። ጆንያ ላይ ተቀምጦ «እናቴ ቤት» አለ። ስኒውን እየመለሰልኝ ደግሞ «ነገም እንደዚህ» አለና ሄደ። በኋላ እትዬ ጫልቱ ከሾፌሮቹ ሲሰሙ፣ በእሱ መንደር ቡና የጌቶች ነው፤ ድሃው ቤት እናትየዋ የምትቆላው ገብስ ነው። ይህን ያህል ባሕር ተሻግሮ፣ ይህን ያህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ የናፈቀው ያንን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት ቆርቆሮውን ቡና ሞልቶ ይሰጠኛል፤ እኔ ጥግ ሄጄ ወደ ጆንያው እመልሰውና ገብስ እቆላለታለሁ። አለቃ ገብስ ሲጠጣ መታየት የለበትማ። ለቆሎዬ አንድ ፓኞታ ዳቦ ይሰጠኛል። ፓኞታውን ለወንድሞቼ ወሰድኩ። ማኪና የወሰዳትን ሴት ግን አልመለሰልንም፤ እናቱን ማስታወሱ እሷን አላስመለሳትም። ይህን ጻፊው።

በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ታዲያ ወንዙ ዳር ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። የቡና ጭስ በውሃ አይለቅም። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ነው የደረስኩት፤ አባቴ አጥሩ ጋ ጉቶ ላይ ተቀምጠዋል። ሳልፋቸው አስቆሙኝ።

«ዛሬ ምጣድ ላይ ምን ስትቆዪ ዋልሽ?»

«ገብስ፣ አባባ።»

«ገብሱማ ሸቶኛል። ከገብሱ ሥር ያለውን ነው የምጠይቅሽ።»

እሳቸው ወደ አጥሩ ዞረው ከአንዱ እንጨት አናት ላይ ድንጋይ አነሱ። ከሥሩ አንድ ፍሬ ጥሬ ቡና ነበረ፤ ደርቆ፣ ነጥቶ። ገና ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ከቀሚሴ እጥፋት ወድቃ እንዳገኟት ነገሩኝ። ግዝት ስላለባቸው ቤት አላስገቧትም፤ አልጣሏትምም። ያን ሁሉ ወራት ከምን እንደመጣ እያወቁ ነበር የሚቆርሱት። እኔ አፋቸውን እያየሁ ስጠብቅ፣ እሳቸው ያወቁ እንዳይመስሉ እየተጠነቀቁ ይበሉ ነበር።

«ቅዳሴ የማልገባው እግሬን አሞኝ መስሎሻል» አሉኝ። «እግሬስ ደህና ነው። ግዝት ያፈረሰ ሰው መቅደስ አይገባም።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሥራውን ነገውኑ እተዋለሁ አልኳቸው። አንስተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አትተዪም። ግዝቱ የእኔ ነው፣ ረሃቡ የልጆቹ ነው፤ የእኔን ጠብቄ የእነሱን አላረዝምም። አንድ ነገር ብቻ። ከእንግዲህ ምስር አትበዪኝ። የምበላውን አውቄ ልብላ።»

ሌላ ቁጣ የለም። እኔ ለቁጣው ነበር የተዘጋጀሁት፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስለ ቡናው እነግራቸዋለሁ፤ የሐረሩን፣ የጅማውን፣ በቅቤ የሚበሉትን። ስለ ካቦው ገብስም ነገርኳቸው። አስፈልተው ቀመሱት። «ሰውዬው አገሩን ጥሎ የወጣው ይህን ሸሽቶ ነው እንግዲህ» አሉ። በማግስቱ እሑድ ግን ያንኑ ገብስ በማሰሮ አስይዘውኝ ጎረቤት ሄዱ፤ ሠላሳ ዓመት ባርከው ያለፉትን ደጅ ገቡ። ሰዎቹ ቡናቸውን፣ አባቴ ገብሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ባለቤቲቱ «አባታችን ስንቃቸውን ቋጥረው መጡ» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ሲወጡ፣ የኔታ ስለ ሐሜቱ እንዳልተሳሳቱ በጆሮዬ ነገሩኝ።

ያቺ ቁም ሳጥናችን ላይ ያለችው የካቦው ማንቆርቆሪያ እንዴት እዚህ መጣች ብለሽኛል። ጣልያን ሊወጣ በተቃረበበት ሰሞን አንድ ጠዋት ስንሄድ የመጋዘኑ በር ክፍት ነው፤ ካቦው የለም። ማንቆርቆሪያዋ ቀዝቃዛው ምድጃ ላይ ነበረች። ሌላው ሴት ሁሉ ቡና ነበር የሚያፍሰው። እኔ እሷን ይዤ ወጣሁ። የሚፈትሽ አልነበረም።

አባቴ ያን አላዩም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አርፈው ነበር። ግዝቱን የሚፈታላቸው አልታጣም፤ ጓደኞቻቸው ለምነዋቸዋል። ልጄ ከዚያ እየሠራች ነው፣ ዛሬ ተፈትቼ ማታ ልበላ ነው ወይ እያሉ እምቢ አሉ። እስከ መጨረሻው ከቅጽሩ ሥር ቆመው አስቀደሱ። ዝናብ ሲሆን ዣንጥላ እይዝላቸዋለሁ። እሳቸው ወደ በሩ ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ሲሞቱ ካህናቱ ለፍትሐት ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ያልረገጡትን ደፍ ተሸክመው አሻገሯቸው። እኔ ውጭ፣ እሳቸው የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይበቃኛል፣ ልጄ። ደከመኝ።

እማማ ሲጨርሱ ቀና ብዬ አየሁ። እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። የጓዳውን በር እስከ ጥግ ከፈተችው፤ ማንቆርቆሪያዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች፤ አቧራዋን ጠረገች። ከዚያ በአጥሩ ላይ እትዬ ትርፌን ጠራቻቸው። እትዬ ትርፌ ጎረቤታችን ናቸው። መጥተው ከተቀዳላቸው አንዴ ፉት አሉና ቡናው ከየት እንደተገኘ ጠየቁ።

እናቴ ቀላች። «ገብስ ነው» አለች።

እትዬ ትርፌ ደግመው ፉት አሉ። «እኔ ቤት ሽንብራም አለበት» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ በር ዘግተን የተደበቅነው ከማን ነው?»

እማማ በረንዳው ላይ ሆነው ሳቁ። ይህን ሳቅ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሰረዝኩት፤ እንዲሁ ሳቁ ብላችሁ አንብቡት።

እንግዲህ ይህን ግድግዳ ላይ ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ የታችኛውም ክፍል ተማሪዎች፣ መምህራንም ጭምር፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤታችን ኑ። ከቦኖው ወደ ላይ ሁለተኛው አጥር ነው፤ በሩ ክፍት ይሆናል። ቤታችሁ አያት ካሉ ይዛችኋቸው ኑ፤ ጠጥተው የሚያወሩትን እጽፋለሁ፣ አሁን እችላለሁ። እማማ አንድ ነገር ሳልደብቅ እንድጽፍ አዘውኛል፣ የምትጠጡትን አውቃችሁ እንድትመጡ። ገብስ ነው።